ከባንኮኒው ወዲያና ወዲህ፦ «ቺርስ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በመደብ ዓይን ሲታይ

ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ፣ ፈጣሪዎቹ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ የበቀለበትን ኅብረተሰብ የምርት ግንኙነት በውስጡ ተሸክሞ የሚገኝ መሆኑ በተደጋጋሚ የተነገረ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ እውነት የሚፈተነው በታላላቅ ልብ ወለዶችና በአደባባይ ሐውልቶች ላይ ብቻ አይደለም። ሰፊው ሕዝብ ከሥራ ደክሞ ሲገባ እግሩን ዘርግቶ በሚመለከታቸው ቀላል የሳቅ ዝግጅቶች ላይም ይፈተናል። እንዲያውም አንድ ሥርዓት ስለራሱ መናገር የማይፈልገውን ነገር ሳያስበው የሚናገረው በሚቀልድበት ሰዓት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ለዛሬው ውይይታችን መነሻ ያደረግነው «ቺርስ» የተባለውን፣ በቦስተን ከተማ በአንድ የሠፈር መጠጥ ቤት ስለሚሰበሰቡ ቤተኞች የሚተርከውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው። ስሙ ጠጪዎች ብርጭቆ ሲያጋጩ የሚለዋወጡት የጤና ምኞት ቃል ነው። ኤንቢሲ በተባለው የግል የቴሌቪዥን ኩባንያ አማካይነት ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1982 እስከ ሜይ 20 ቀን 1993 ድረስ ለ11 የሥርጭት ዘመናት ታይቷል፤ የክፍሎቹም ብዛት ከ270 በላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ይገነዘቡልን።) የምዕራቡን የቴሌቪዥን ዝግጅት በአንድ ቃል «ማደንዘዣ» ብሎ መዝጋት የተለመደና ቀላል መንገድ ነው። እኛ ግን ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ክፍሎቹን ስንመለከት ከአንድ ጊዜ በላይ ከልባችን ስቀናል። መሳቃችንን ደብቀን ትንተና ብንጽፍ ትንተናው ውሸት ይሆናል። ስለዚህ የምንጠይቀው ጥያቄ በማን እንደሳቅን፣ ስለምንስ እንደሳቅን ነው።

ድራማው ብቅ ያለበትን ጊዜ ሳያጤኑ ይዘቱን መመርመር ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደ መቁጠር ይሆናል። በኦገስት 1981 የአሜሪካ የአየር በረራ ተቆጣጣሪዎች የሥራ ማቆም አድማ ባደረጉ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ከ11 ሺህ በላይ የሚሆኑትን በአንድ ትእዛዝ ከሥራ አሰናበቱ። በሚቀጥለው ዓመት መገባደጃ ላይ የሥራ አጡ ቁጥር ከመቶ 10.8 ደረሰ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ያልታየ መጠን ነበር። «ቺርስ» በሩን የከፈተው በዚሁ ወቅት ነው። ገና ሲጀምር የተመልካቹ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ስለነበር በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ተቀምጦ ነበር። ድራማው ገና አራት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1983፣ ሬጋን ራሳቸው ወደ ቦስተን ሄደው ዶርቸስተር በተባለው የሠራተኞች ሠፈር ከሚገኝ «ኤየር ፐብ» ከተሰኘ መጠጥ ቤት ገቡና ከላብ አደሮቹ ጎን ቆመው ቢራ ጠጡ፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም ሥራቸውን ሠሩ።

ሁለቱን ነገሮች ያገናኛቸው አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚው በስተጀርባ ያለው ስሌት ግን አጋጣሚ አይደለም። ሠራተኛው በፋብሪካው በር ላይ መፈክር ይዞ ሲቆም የሚባረርበት፣ በባንኮኒው ላይ ብርጭቆ ይዞ ሲቀመጥ ደግሞ የሚወደድበትና የሚታቀፍበት ዘመን ነበር።

የድራማው ፈጣሪዎች ጄምስ በሮውስ እንዲሁም ሁለቱ ወንድማማቾች ግሌን ቻርልስና ሌስ ቻርልስ ናቸው። ሦስቱም ቀደም ሲል ስለ ኒውዮርክ የታክሲ ነጂዎች በሚተርከው «ታክሲ» በተባለ ድራማ ላይ ሠርተዋል። የጄምስ በሮውስ አባት ኤብ በሮውስም በ1941 ለተጀመረውና «የደፊ መጠጥ ቤት» ለተሰኘው የራዲዮ ቀልድ ጸሐፊ ነበሩ። በዚያ ቀልድ ውስጥ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ደፊ ፈጽሞ አይታይም፤ ሠራተኛው በስልክ ያነጋግረዋል እንጂ። ባለንብረቱ በአካል ሳይታይ ትእዛዙ ብቻ በሽቦ ሲመጣ! ለአንድ የራዲዮ ቀልድ ይህ ቀላል ግኝት አይደለም። ኤብ በሮውስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ፀረ አሜሪካዊ ድርጊቶችን» እመረምራለሁ ይል በነበረው የኮንግሬስ ኮሚቴ ፊት ተጠርተው ስለ ኮሚኒስቶች እንዲመሰክሩ ተደርገዋል። የመጠጥ ቤት ቀልድ ጸሐፊ ሳይቀር በሚመረመርበት አገር፣ ልጁ ከ30 ዓመት በኋላ ከፖለቲካ የራቀ መጠጥ ቤት ቢፈጥር ሊገርመን አይገባም።

መጠጥ ቤቱ ከመሬት በታች ነው። ደንበኛው ከመንገድ ደረጃ ወርዶ ይገባል። ከበላዩ «ሜልቪልስ» የተባለ የዓሣ ምግብ የሚቀርብበት፣ የደህና ኑሮ ሰዎች የሚመገቡበት ምግብ ቤት አለ። ከላይ ያሉት እንደ ልብ ወደ ታች ሊወርዱ ይችላሉ፤ ከታች ያሉት ግን ወደ ላይ ሲወጡ እንደ እንግዳ ይታያሉ። የመድረክ ሠሪው ስለ መደብ ክፍፍል ሊያስተምር አስቦ እንዳልሠራው እናውቃለን። ነገር ግን ደረጃው እዚያው ቆሟል፤ ለ11 ዓመት በየሳምንቱ አይተነዋል።

ከቤተኞቹ ሁሉ የተመልካቹን ልብ አብልጦ የገዛው ኖርም ፒተርሰን ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ ስሙን ይጠራዋል። የሚቀመጥበት ዱካ የታወቀ ነው፤ የዱቤ መዝገቡም እንዲሁ። ሰውየው በሙያው የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሥራውን አይወድም፤ ወደ ቤቱ መሄድንም አይወድም። ካርል ማርክስ በ1844 በጻፋቸው የኢኮኖሚና የፍልስፍና ማስታወሻዎች ውስጥ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ለራሱ ባይተዋር እንደሆነ፣ ራሱን የሚያገኘው ከሥራ ውጭ ብቻ እንደሆነ አስረድቷል። ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ ለማብራራት ስንት ወፍራም መጽሐፍ ተጽፏል! ኖርም ግን በሩን ከፍቶ በገባ ቁጥር ያብራራዋል። በመሥሪያ ቤቱ ቁጥር የሆነው ሰው እዚህ ስም ያገኛል።

በመጀመሪያው የሥርጭት ዘመን ኖርም የሚሠራበት ድርጅት የጥንት ሮማውያን ልብስ የሚለበስበት ግብዣ በዚያው መጠጥ ቤት ያዘጋጃል። አለቃው ዳያን የተባለችውን አስተናጋጅ ሲዳፈራት ኖርም ተነሥቶ ይቃወመዋል። በዚያው ሌሊት ከሥራ ይባረራል። ያ ወፍራም፣ ሰነፍ፣ የቢራ ወዳጅ ሰው አለቃውን የተጋፈጠው ለራሱ ጥቅም አልነበረም፤ የከፈለው ዋጋ ግን እንጀራውን ነው። ድራማው ጀግንነቱን አይክድበትም። አብረውት የሚጠጡት ወዳጆቹ ግን ቢራ ከመጋበዝ አልፈው ሊያደርጉለት የሚችሉት ነገር እንዳለ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አይታሰባቸውም፤ ለጸሐፊዎቹም አልታሰባቸውም።

ከዚህም የባሰ አለ። በ1985 በታየ አንድ ክፍል ኖርም በአዲስ መሥሪያ ቤቱ እድገት ያገኛል። አዲሱ ሥራው ሠራተኞችን ማባረር ነው። አሠሪዎቹ የመረጡት ሰው ሲባረር ከእሱ በሚበልጥ ሰው ቢሆን የበለጠ ስለሚዋረድ፣ እንደ ኖርም ያለ ምስኪን ቢነግረው ይቀለዋል ብለው ነው። ኖርም በመጀመሪያ ከሚያባርራቸው ሰዎች ጋር አብሮ ያለቅሳል። እየዋለ እያደረ ግን ዕንባው ይደርቃል፤ ልቡ ይደነድናል። በዚያ የሬጋን ዘመን ፋብሪካዎች ሲዘጉና ሠራተኞች በገፍ ሲበተኑ፣ ከበርቴው የራሱን እጅ ሳያቆሽሽ የማባረሩን ሥራ ራሱ ቅጥረኛ ለሆነ ሰው ያስረክብ እንደነበር ከዚህ በአጭሩና በግልጽ ያሳየ የቴሌቪዥን ክፍል ብዙ አናስታውስም። ሃያ ደቂቃ ከጥቂት ደቂቃ ነው። እንድንስቅ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እንስቃለንም።

ክሊፍ ክላቪን ፖስተኛ ነው። ወደ መጠጥ ቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ነው። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ የሚያውቀው ግን ሁሉም ጎደሎ ነው። ተመልካቹ ይስቅበታል፤ ወዳጆቹም ይስቁበታል። ሲያስተውሉት ግን ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ተሸክሞ የሚዞር፣ ለራሱ የሚጻፍለት የሌለው፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር ብቸኛ ሰው ነው። ዕውቀት የተነፈገ ሠራተኛ ዕውቀት ሲራብ ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ድራማው ግን ረኃቡን ትቶ የአበላሉን አስቂኝነት ብቻ ይወስዳል። በዚህ ላይ ደራሲዎቹን እንወቅሳለን።

የዚህ ድራማ እውነተኛ ማዕከል ግን ከእነዚህ ከሁሉም ውጭ ናት ብለን እናምናለን። ካርላ ቶርቴሊ አስተናጋጅ ናት። የጣልያን ተወላጅ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ ድራማው ሲያበቃ የልጆቿ ቁጥር ስምንት ደርሷል። ሌሎቹ ወደ መጠጥ ቤቱ የሚመጡት ከሥራ ለመሸሽ ነው። ለእሷ ግን መጠጥ ቤቱ ራሱ ሥራዋ ነው። የኖርም ዕረፍት የካርላ ድካም ነው። ኖርም ዱካው ላይ ሲደላደል እሷ ትሪ ተሸክማ ትቆማለች፤ እሱ በዱቤ ሲጠጣ እሷ በጉርሻ ልጆች ታሳድጋለች። ምላሷ እሳት ነው፤ ማንንም አትምርም። ብዙ ተቺዎች ጭካኔዋን እንደ ጠባይ ጉድለት አይተውታል። እኛ ግን ይህች ሴት እየሳቀች እንድታገለግል የሚጠይቃትን ሥርዓት በምላሷ የምትዋጋ መስሎ ይታየናል፤ ሌላ መሣሪያ አልተሰጣትምና።

ይህን ለመረዳት ቦስተን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በየመንደራችን ጠላ ቤት ውስጥ ሳቁና ጨዋታው የደራ ጊዜ ከበስተጓዳ ጭስ ውስጥ ተቀምጣ ጌሾ የምትወቅጠውን፣ ጋን የምታጥነውን፣ ማታ ደግሞ ዱቤ የምትለምነውን ጠማቂ የሚያስታውስ ሰው ካርላን ወዲያው ያውቃታል። ስለ ጠላ ቤት ወግ የተጻፈው ብዙ ነው፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው መደብ ላይ ተቀምጦ በሚጠጣው ሰው ነው።

ካርላ በኋላ ያገባችው ኤዲ ለቤክ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። ጉልበቱ ሲደክም ቡድኑ ይጥለዋል፤ እንጀራ ፍለጋ የፔንግዊን ልብስ ለብሶ በበረዶ ላይ ትርዒት መሥራት ይጀምራል፤ በ1989 በታየው ክፍል ውስጥም የበረዶ ማስተካከያ መኪና ሄዶበት ይሞታል። በቀብሩ ላይ ካርላ ሌላ ሚስት እንደነበረው ታውቃለች። ይህ ሁሉ በሳቅ ይቀርባል። ሳቁን ለጊዜው ገለል አድርገን ብናየው፣ ያረጀ ጉልበት ተወርውሮ፣ በሥራ ላይ አደጋ የሞተ ሠራተኛ፣ ካሣ ያላየች ባልቴት፣ አባት የሌላቸው ልጆች ናቸው የቀሩት። ካርላን ሆና የተጫወተችው ሪያ ፐርልማን በዚህ ሚና አራት ጊዜ የኤሚ ሽልማት አግኝታለች። ይገባታል።

ከካርላ ይልቅ የማትታይ አንዲት ሴት ደግሞ አለች። የኖርም ሚስት ቬራ በ11 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ በግልጽ አይታይም። ድምፅዋ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ስሟ የቀልድ ማዳመቂያ ነው። በ1941 ያልታየው ባለንብረቱ ነበር፤ በ1982 ያልታየችው ቤት የምትጠብቀው ሴት ሆነች። ባልየው በባንኮኒው ላይ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ሰዓት እሷ ብቻዋን የምትጨርሰው የቤት ሥራ ሰዓት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ስለ ንዑስ ከበርቴ ምሁራኑ ብዙ ማለት አያሻም። ዳያን ቻምበርስ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ናት፤ ያጫት ፕሮፌሰር ጥሏት ሲሄድ በዚያው በተጣለችበት መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ሆና ትቀራለች። ወደ ሠራተኛው መደብ የወረደችው ሳትወድ ነው፤ ከወረደችም በኋላ እንደ እንግዳ ትኖራለች፤ ካርላም ይህን አንድም ቀን አትረሳላትም። ፍሬዠር ክሬን የአእምሮ ሐኪም ነው። ከመሐይም ከሚላቸው ጠጪዎች ጋር መቀመጥን ይንቃል፤ ግን መቀመጡን አይተውም። በመጨረሻው የሥርጭት ዘመን ሕዝቡ ለማንም ቢሆን ድምፁን እንደሚሰጥ ለማሳየት ውርርድ ገብቶ፣ የዋሁን የኢንዲያና ገጠር ልጅ፣ የመጠጥ ቀጂውን ዉዲን፣ ለከተማው ምክር ቤት ያወዳድረዋል። ዉዲም ይመረጣል! ምሁሩ በሕዝቡ ላይ ሊስቅ የጀመረው ፈተና በራሱ ላይ ተመለሰ። የቡርዧ ምርጫ እንዲህ ያለ ባዶ ጨዋታ መሆኑን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ራሱ ሲመሰክር ከእኛ የሚጨመር ነገር የለም።

ድራማው ሳያስበው ከሰጠን ትምህርት ሁሉ ጠንካራው ግን የንብረት ጉዳይ ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሳም ማሎን ቀድሞ በቦስተን ሬድ ሶክስ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ኳስ ወርዋሪ የነበረ፣ በመጠጥ ሱስ ሥራውን ያጣ ሰው ነው። በ1987 ቤቱን ለአንድ ታላቅ ኮርፖሬሽን ይሸጠዋል። ገንዘቡን በመርከብ ላይ ሲያጠፋ ተመልሶ በራሱ ቤት ቅጥር ቀጂ ይሆናል። ትንሹ ባለሀብት በትልቁ ተውጦ ወደ ቅጥረኛነት ሲወርድ ማየት በኢኮኖሚ ትምህርት ውስጥ የተለመደ ምዕራፍ ነው። ቤቱ መልሶ በእጁ የገባው በ1990 ነው፤ አንድ የእንግሊዝ ቱጃር ከኮርፖሬሽኑ ምሥጢር ሰርቆ አክሲዮን ሲነግድ ሳም ደርሶበት ስለጠቆመ፣ ኮርፖሬሽኑ ከስም ያለፈ ዋጋ ሳይጠይቀው ሰጠው። ነፃነቱን በትግል አላገኘውም፤ ለትልቁ ከበርቴ ውለታ ስለዋለ ተቸረው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከላይ ያለውን «ሜልቪልስ» የገዛው ሰው ወርዶ የመጠጥ ቤቱ የፑል መጫወቻ ክፍልና ሽንት ቤት የእኔ ንብረት ነው፣ ኪራይ ክፈል ይለዋል። ሰው ቢራ ከጠጣ በኋላ የግድ የሚሄድበትን ቦታ እንኳ በግል ይዞታ ስም ማከራየት! ይህን አንድ ተራማጅ ጸሐፊ ቢጽፈው ኖሮ አጋነነ ይባል ነበር።

የሌለውንም ነገር ማየት ይገባል። ፖስተኛ፣ አስተናጋጅ፣ ቀጂ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ በኋላም ቀለም ቀቢ በየምሽቱ በሚገናኙበት ቤት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ከጨዋታው አምድ አንዱ ሆኖ አያውቅም። በ1983 ከአሜሪካ ቅጥር ሠራተኞች 20.1 ከመቶው የማኅበር አባላት ነበሩ፤ በ2023 ቁጥሩ ወደ 10 ከመቶ ወርዷል። ይህ ውድቀት ከዚህ ድራማ የመጣ ነው የሚል ተላላ የለም። ነገር ግን ወዳጅነት አለ፣ ድርጅት የለም የሚለው ሥዕል ለአንድ ትውልድ ሠራተኛ በየሳምንቱ እንደ ሙሉ ደስታ ሲቀርብለት ነበር። ሌላም የሌለ አለ። በ1974 አንድ የፌደራል ዳኛ የቦስተን ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየታቸው እንዲያበቃ ሲያዝ፣ ጥቁር ሕፃናትን በያዙ አውቶቡሶች ላይ ድንጋይ የተወረወረው በዚችው ከተማ ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ በተከፈተው በዚህ የሁሉ ወዳጅ ነኝ ባይ ቤት ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አንድም ጥቁር የለም። ስማቸው የሚጠራላቸው ሰዎች አስቀድመው ተመርጠው ነበር ማለት ነው።

መጠጥን በሚመለከት ድራማው ከሚጠረጠረው በላይ ሐቀኛ ነው። የመጠጥ ቤቱ ጌታ ሳም ራሱ አይጠጣም፤ የመጨረሻዋን ቢራ የጠጣባትን ጠርሙስ ቆርኪ እንደ ክታብ ይይዛል። ቆርኪዋን ለሌላ ሰጥቶ ብቻውን ከመጠጥ ጋር የተፋጠጠበት የመጀመሪያው ዘመን ክፍል ከሳቅ ይልቅ ዝምታ የበዛበት ነው። በ1984 ከዳያን ጋር ሲለያይ ወደ መጠጥ ተመልሶ ሲወድቅም እናያለን። ከ1988 ጀምሮም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ከጓደኛሞች አንዱ ሳይጠጣ ቀርቶ ሌሎቹን በመኪና እንዲያደርስ ያካሄደውን ዘመቻ ከደገፉት ድራማዎች አንዱ «ቺርስ» ነበር። ኖርም ግን ሲጠጣ ኖረ፤ አልታመመም፤ አልተደኸየም። ተዋናዩ ጆርጅ ዌንት በኋላ እንደተናገረው፣ በመድረክ ላይ የሚጠጣው አልኮሉ የቀለለ፣ አረፋ እንዲያወጣ ጨው የተነሰነሰበት ለብ ያለ ቢራ ነበር። ሕዝቡ ያማረው መጠጥ በጨው የተሠራ አረፋ ነበር።

የዕቃ ሸቀጥነት ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ለድራማው ገጽታ መነሻ የሆነው በቦስተን ቢከን ጎዳና የሚገኘው «ቡል ኤንድ ፊንች» የተባለ እውነተኛ መጠጥ ቤት ነው። ባለቤቱ ለመጀመሪያው ፎቶግራፍ የጠየቀው አንድ ዶላር ብቻ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን አገር ጎብኚው ጎረፈ፤ ካናቴራና ብርጭቆ በገፍ ተሸጠ፤ በመጨረሻም የቤቱ ስም ራሱ ተለውጦ «ቺርስ» ሆነ። ማንም ማንንም የማያውቅባቸው እንግዶች፣ ሁሉም የሚተዋወቅበት ቤት ለማየት ተሰለፉ። የአየር ማረፊያ ምግብ ቤቶችን የሚያስተዳድር አንድ ኩባንያም በድራማው ስም መጠጥ ቤቶች ከፍቶ በባንኮኒው ጫፍ ላይ ሁለት የሚናገሩ ሮቦቶች አስቀመጠ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ የፖስተኛ ልብስ የለበሰ። ስማቸው ግን ቦብ እና ሃንክ ተባለ። ጆርጅ ዌንትና ጆን ራትዘንበርገር በ1993 መልካችን ያለ ፈቃዳችን ተወስዷል ብለው ከሰሱ። ክርክሩ በየፍርድ ቤቱ ሲጓተት ቆይቶ በ2001 በስምምነት አለቀ። አስቀድሞ የሠራተኛው ጉልበት ተሸጠ፤ ቀጥሎ ዕረፍቱ ተሸጠ፤ በመጨረሻ የማይደክም፣ ደሞዝ የማይጠይቅ፣ ዱቤ የማያበዛ ጠጪ በብረት ተሠራ።

ገበያው የመረጣቸውን ልጆችም እንይ። በ1987 የካርላ የቀድሞ ባል የኒክ ቶርቴሊን የድሃ ቤተሰብ ኑሮ የሚያሳይ ቅጥያ ድራማ ተጀምሮ ከ13 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። በ1993 ሐኪሙ ፍሬዠር ወደ ሲያትል ሄዶ ባማረ አፓርትማው ውስጥ የጀመረው ድራማ ግን 11 ዓመት ቆየ፤ በ2023ም ተመልሶ መጣ። ካርላ ስለምን አልተከተለችውም?

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ለመሸሽ የማንፈልገው አንድ ነገር አለ። በዚያ አገር ሰዎች ብቸኞች ናቸው። የሃርቫርዱ ሮበርት ፑትናም በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ አሜሪካውያን ከማኅበራቸው፣ ከእድራቸው ማለት እንችላለን፣ እየወጡ ለየብቻ መኖር እንዳበዙ በቁጥር አሳይቷል። በ2023 የአገሪቱ የጤና ጉዳይ ዋና ሐኪም ቪቬክ መርቲ ብቸኝነትን ሕዝባዊ የጤና ችግር ብለው በይፋ አወጁ። ስለዚህ በ1982 ከሥራ ገብቶ ቴሌቪዥኑን የከፈተው ሠራተኛ በሩ ሲከፈትና አንድ ወፍራም ሰው በስሙ ሲጠራ አይቶ ልቡ ቢሞቅ፣ ያ ሙቀት የተሳሳተ ንቃተ ሕሊና ብቻ አልነበረም። እውነተኛ ጥማት ነበር። ጥማቱን የፈጠረው ሥርዓት መልሶ በምስል ሸጠለት፤ ጥማቱ ግን የሠራተኛው ነው። ይህን ለይቶ ያላየ ሐያሲ ሕዝቡን ሊነቅፍ ተነሥቶ የከበርቴውን ሥራ ይሠራል፤ ቀደም ባሉት ዓመታት የወጡ አንዳንድ ጽሑፎች በዚህ ስሕተት ላይ ወድቀው ነበር።

የመጨረሻው ክፍል ሜይ 20 ቀን 1993 ሲታይ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል። በዚያ ሌሊት የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ ዋጋ 650 ሺህ ዶላር ነበር። ዉዲ በምክር ቤት አባልነቱ ኖርምን በማዘጋጃ ቤት ሥራ አስቀጥሮታል፤ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ የነበረችውና ቱጃር ስታሳድድ የኖረችው ሪቤካ ቧንቧ ሠራተኛ አግብታለች። ወዳጆቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ኖርም ግን ተመልሶ ይመጣና ሰው ሁልጊዜ ወደ እውነተኛ ፍቅሩ እንደሚመለስ ለሳም ነግሮት ይሄዳል። ጆርጅ ዌንት ከዚያ ሌሊት በኋላ ልክ 32 ዓመት ሲሞላ፣ ሜይ 20 ቀን 2025 አረፈ።

ሳም ብቻውን ይቀራል። ባዶውን ቤት ይመለከታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለች አንዲት ሥዕል ተጣማ ያያትና ያቃናታል። የአሜሪካ ጦር መሬታቸውን ሲነጥቅ በጦር መሣሪያ የተዋጋው የአፓች ሕዝብ መሪ የጄሮኒሞ ሥዕል ናት። በድራማው አሠልጣኝ ሆኖ ይጫወት የነበረውና በ1985 የሞተው ኒኮላስ ኮላሳንቶ በልብስ መለወጫ ክፍሉ ሰቅሏት የነበረች ስለሆነች ለመታሰቢያው ነው። ለምን ከሁሉ ሥዕል ያንን ሰው እንደመረጠ የሚነግረን የለም። በሩ ይንኳኳል። አንድ ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው፤ ፊቱ አይለይም። ሳም ቤቱ መዘጋቱን ይነግረዋል፤ ሰውየውም ይሄዳል። መብራቱ ይጠፋል።